ወናፉን ማን ያናፋዋል?

በጋሞ ደጋ ከአንድ ቀጥቃጭ ቤት ጎራ ያለ እንግዳ ዐይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው መዶሻው ላይ ነው። መዶሻው ይጮኻል፣ ፍንጣሪ ይረጫል፣ የቀላ ብረት ሲለመጥ ማየትም ደስ ይላል። ትንሽ የቆየ ሰው ግን ከምድጃው ጀርባ መሬት ላይ የተቀመጠ ሌላ ሰው ያያል። ከፊቱ ሁለት የፍየል ቆዳ ወናፎች አሉ፤ የእያንዳንዳቸው አፍ በሁለት ቀጫጭን እንጨቶች ተወጥሯል። ቀኝ እጁ አፉን ከፍቶ ያነሣል፣ ገጥሞ ይጫናል፤ ቀኙ ሲወርድ ግራው ይነሣል። አየሩ በሸክላ ቱቦ አልፎ ከከሰሉ ሥር ይገባል። መዶሻ የያዘው ብረቱን ወደ እሳቱ መልሶ ላቡን ሲጠርግ የወናፉ ሰው ሥራ ገና መጀመሩ ነው። ብዙ ጊዜ ልጅ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሚስት ናት፤ ጉልበቱ ለመዶሻ ያነሰው አባትም ይሆናል። ገበያ ላይ ማጭዱ ሲመሰገን የሚጠራው የቀጥቃጩ ስም ነው። ያናፋው ሰው አይነሣም።

የዚህ ዘገባ መነሻ ያን ሰው ከወናፉ ሊያስነሣ የሚችል አንድ አሮጌ ብረት ነው። አዲስ አበባ፣ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ውስጥ ከተሰበረ ሚዛንና ከስፌት መኪና ጭንቅላት ጋር ተደባልቆ ወድቆ አገኘሁት፦ የቀንድ አውጣ ቅርፊት የመሰለ የጊዛ (በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ቤት፣ ከጎኑ የጥርስ ሣጥን፣ ከሣጥኑ የወጣ ረጅም መዘውር፣ ከመዘውሩ ጫፍ ደግሞ በእጅ ብዛት የለሰለሰ የእንጨት እጄታ። ሻጩ «የወፍጮ ዕቃ ነው» አለኝ። አልተከራከርኩም፤ የወፍጮ ዕቃ ርካሽ ነው። በአውቶቡስ ጣራ ላይ ታስሮ በሶዶ በኩል አርባ ምንጭ ገባ፤ ሲቀላ ከሚገኘው ግቢያችን ማንጎው ሥር ሲራገፍ ባለቤቴ ዞር ዞር ብላ አየችውና «ቢሠራስ ምን ሊሠራልን ነው?» አለች። ተገቢ ጥያቄ ነው።

ዕቃው በእጅ የሚዘወር የቀጥቃጭ ማናፈሻ ነው። በዓለም ላይ በብዛት የተሠራው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 20ኛው መጀመሪያ ባለው ጊዜ ሲሆን፣ አሜሪካ ውስጥ የላንካስተር ፔንሲልቫኒያው ቻምፒዮንና በቡፋሎ ከተማ የነበረው ቡፋሎ ፎርጅ፣ እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ የበርሚንግሃሙ ኦልዴይስ ኤንድ ኦኒየንስ በዚህ ሥራ ስም ነበራቸው። ገበሬው የፈረሱን ኮቴ ብረት፣ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛው ሪቬቱን፣ ወታደሩ የመድፍ ጋሪውን የሚያግልበት ተንቀሳቃሽ ምድጃ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ማናፈሻ ነበረው። የእኔው የስም ሳህኑ ተበልቶ የማን ልጅ እንደሆነ አይታወቅም። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር፦ ዊሊስ ካሪየር እ.ኤ.አ. በ1902 የመጀመሪያውን ዘመናዊ የአየር ማቀዝቀዣ ሲነድፍ የቡፋሎ ፎርጅ ተቀጣሪ ነበር። አርባ ምንጭ ላይ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ በሆቴሉ ክፍል የሚያጉረመርመው ማሽን የትውልድ ሐረጉ ሲቆጠር ቀጥቃጭ ምድጃ አጠገብ ይደርሳል።

አሠራሩ ቀላል ነው። መዘውሩ በዝግታ ሲዞር በሣጥኑ ውስጥ ያሉት ጥርሶች ዙሩን ያባዙታል፤ በጊዛው ቤት ውስጥ ያለው ባለ ክንፍ ጎማ ለአንድ የእጅ ዙር ብዙ ጊዜ ይሽከረከራል። ክንፎቹ አየሩን ከመሃል ስበው ወደ ጠርዝ ይወረውሩታል፤ ጠርዙ ላይ የተሰበሰበው አየር ያለው መውጫ አንድ አፍ ብቻ ነው። ቫልቭ የለው፣ ቆዳ የለው፣ የሚቀደድ ነገር የለው።

ጥገናው የተጀመረው ምንም ባለመፍታት ነው። መዘውሩ አንድ ጣት ያህል እንኳ አይነቃነቅም ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ያጋጠመው ሰው እጄታው ላይ ረጅም ቱቦ ሰክቶ መጫን፣ አለዚያም መዶሻ ማንሣት ይቃጣዋል። ጊዛ ግን አይታጠፍም፤ ይሰበራል፤ የተሰበረ ጊዛ መበየድም የሁሉም በያጅ ሥራ አይደለም። ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚያጣብቀው ዝገት ሳይሆን የደረቀ ቅባት ነው። ለዘመናት ሣጥኑ ውስጥ የቆየ ግሪስ አቧራና የከሰል ብናኝ ጠጥቶ ይጠጥራል። ስለዚህ ሣጥኑ ናፍጣ ተሞልቶ ያድራል፤ ጠዋት ጥቁሩ ይደፋል፤ ሌላ ናፍጣ ይገባል። እጄታውን ወደፊትም ወደኋላም በትንሹ ማባበል ነው። ሲለቅ ድምፅ የለውም፤ እጅ ብቻ ይሰማዋል።

ከዚያ ብሎኖቹ። ክዳኑን የያዙት ብሎኖች ጊዛው ውስጥ ተዋሕደው ነበር። በእሳት አሙቆ ዘይት ማጠጣት፣ ሲቀዘቅዝ መሞከር፣ እንደገና ማሞቅ። አንዱ አንገቱ ላይ ተቆረጠና ቶርኖ ቤት ተወስዶ መሃሉን በስተው አዲስ ጥርስ አወጡለት። ክዳኑ ሲነሣ የታየው ነገር ግን ልፋቱን የሚያስረሳ ነበር። ትልቁ የብረት ጎማ፣ እሱ የሚያዞረው ትንሹ፣ በመጨረሻም የነሐስ ጥርስ ጎማና ማናፈሻውን የሚያሽከረክረው ጠመዝማዛ ዘንግ ሁሉም በቦታቸው ናቸው። ነሐሱ በአንድ ጎን ብቻ ተበልቷል። ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ የተዘወረ ማሽን ጥርሱ የሚበላው በሚገፋበት ፊት ነው፤ ሌላው ፊት ሹልነቱን እንደያዘ ይቀመጣል። እዚህ ላይ ድሮ አምራቾቹ ያሰቡት ይመስለኛል፤ ክንፎቹ ቀጥ ያሉ ስለሆኑ መዘውሩን በተቃራኒው ቢያዞሩትም አየር ይወጣል። ትንሽ ይቀንሳል፣ ጥርሱ ግን ሁለተኛ ዕድሜ ያገኛል።

ኩሽኔቱ ዛሬ በሱቅ የምንገዛው ዓይነት የታሸገ አይደለም። በአንድ ወገን የብረት ጽዋ፣ በሌላ ወገን ሾጣጣ፣ በመካከላቸው ልቅ የሆኑ ኳሶች፤ የብስክሌት የፊት ጎማ የሚሽከረከርበት ዘዴ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ አዲስ አበባ መላክ ሳይሆን የሰፈሩ ብስክሌት ጠጋኝ ጋ መሄድ ሆነ። ኳሶቹ ከመፈታታቸው በፊት መቆጠርና በካሊፐር መለካት አለባቸው፤ የተጎዱትን ብቻ መርጦ መተካት አያዋጣም፤ አዲሶቹ ትንሽ ስለሚበልጡ ሸክሙን ሁሉ እነሱ ይሸከሙና ቶሎ ይሰነጠቃሉ። ሙሉውን ስብስብ መቀየር ነው። ጠጋኙ የማናፈሻውን ዘንግ በጣቶቹ መሃል እያሽከረከረ ሾጣጣውን እሩብ ዙር አጠበቀ፣ ትንሽ መለሰ፣ እንደገና ነካ አደረገና «እንዲህ ተወው» አለ። ሲጠብቅ ይከብዳል፤ ሲላላ ዘንጉ ይወዛወዝና ክንፉ ቤቱን ይልሳል። መካከሉን የሚያውቀው ጣት ነው።

በመጨረሻ የሚሳሳቱበት ነገር ቅባቱ ነው። ሣጥኑን በግሪስ መሙላት ደግነት ይመስላል። ግሪሱ ግን ጥርሶቹ በጠረጉት ቦታ ክፍተት ትቶ ይቆማል፤ ከላይ ያሉት ኩሽኔቶች ይደርቃሉ። የሚፈልገው ቀጭን ዘይት ነው፤ ጥርሱ እየነከረ ወደ ላይ የሚረጨው። ይህ ማሽን የዘይት ማገጃ ጎማ ከመለመዱ በፊት የተሠራ በመሆኑ ያንጠባጥባል፤ ማንጠባጠቡ ጤንነቱ ነው። ከሥሩ ባዶ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ይቀመጣል። ለክዳኑ ጓርኒስዮን ከአሮጌ ከመነዳሪ ተቆረጠ። የተጣመመው ክንፍ በእንጨት መዶሻ ተቃና። ቀለም አልተቀባም፤ ቀለም የሚቀቡት ለሳሎን ሲሆን ነው።

ምድጃው የጭነት መኪና ታምቡር ነው። ውስጡ በጭቃ ተለበጠ፤ ከሥሩ ባለ 2 ኢንች ቱቦ ገባ፤ ቱቦው ወደ ታች ደግሞ አመድ የሚወርድበት መክፈቻ ያለው አፍ አለው። ቤቱ ለመሞከር የሚያስብ አንባቢ ካለ ሁለት ነገር ልብ ይበል። አንደኛው፣ ዚንክ የተለበጠ የውኃ ቱቦ እሳት አጠገብ አይጠጋም፤ ዚንኩ ሲግል የሚወጣው ነጭ ጭስ ማታውን ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ትኩሳት ይዞ ይመጣል። ሁለተኛው የበለጠ አደገኛ ነው። መዘውሩን ለቅቆ ወደ መስፉ የዞረ ሰው እሳቱ የሞተ ይመስለዋል፤ በደንብ ያልነደደው ከሰል ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ጋዙም ወደ ቱቦውና ወደ ማናፈሻው ሆድ ሊመለስ ይችላል። በዚያ ላይ ድንገት ሲዘወር አየሩና ጋዙ ተገናኝተው ቧ ይላሉ። በቀጥቃጭ ቤት የአመዱን አፍ ከፈት ማድረግ ወይም መዘውሩን በየመካከሉ በዝግታ መንካት ልማድ የሆነው ለዚህ ነው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ደግሞ ጭራሽ አይሠራም፤ ጋዙ ሽታ የለውም።

እሳቱ በተያያዘ ዕለት ከጨንቻ በኩል አንድ ሽማግሌ ቀጥቃጭ መጡ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ጠይቀውኛል። አርባ ምንጭ የመጡት የልጅ ልጃቸውን ለማየት ነው፤ ልጁ ከተማው ውስጥ ብየዳ እየተማረ ከእኛ ግቢ ጀርባ ይከራያል። ሽማግሌው ማናፈሻውን ዞረው አዩት፤ አፉ ላይ መዳፋቸውን አድርገው ነፋሱን ለኩት፤ ከዚያ ጉጠቱን በቀኝ እጃቸው ያዙና በግራቸው መዘውሩን መዘወር ጀመሩ። ቁራጭ የመኪና ባሌስትራ ነበር ያስገቡት። ከሰሉ ጮኸ፤ ፍንጣሪው ከታምቡሩ ወጥቶ ማንጎው ቅጠል ሊደርስ ምንም አልቀረው።

«ከሰሉን አየኸው? በረረ» አሉ።

ልክ ናቸው። እነዚህ ማናፈሻዎች የታሰቡት ለድንጋይ ከሰል ነው። የድንጋይ ከሰል ከባድ ነው፣ እየተጋገረ ይተሳሰራል፣ ጠንካራ ነፋስ ይፈልጋል። የእኛ የግራርና የባሕር ዛፍ ከሰል ቀላል ነው፤ ቶሎ ይያያዛል፣ ነፋስ ሲበዛበት ይበተናል። ከዚህም በላይ የተረፈ አየር ብረቱን ይበላል፦ በምድጃው ውስጥ ከሰሉ ያልተጠቀመበት ኦክስጅን ብረቱ ላይ ያርፋል፣ ብረቱም ቅርፊት እየሠራ ይላጣል። ሽማግሌው ብዙ ማብራሪያ አልፈለጉም፤ ዙራቸውን ቀነሱ። ማናፈሻ ላይ ይህ ቀላል የሚመስል ነገር ትልቅ ልዩነት ያመጣል፤ የመዘውሩ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የነፋሱ ግፊት አራት እጥፍ፣ የሚጠይቀው ጉልበት ደግሞ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ቀስ ብሎ የሚዘውር ሰው ቀኑን ሙሉ ይውላል፤ የሚቸኩል ሰው ክንዱም ከሰሉም አብረው ያልቁበታል።

ስለ ደጋው ሲነግሩኝ ደግሞ እኔ ያላሰብኩትን አነሡ። እሳት እዚህ ቆላው ላይ ቶሎ ይነሣል አሉ፤ እዚያ ላይ ግን ወናፉ ብዙ መመላለስ አለበት። እኔ ብርዱን ጠረጠርኩ። ነገሩ ግን ከብርዱ ይልቅ የአየሩ መሳሳት ነው። 1 ኪሎ ከሰል ሙሉ በሙሉ እንዲነድ በባሕር ጠለል ላይ ወደ 10 ሜትር ኩብ የሚጠጋ አየር ይፈልጋል። አርባ ምንጭ 1,285 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ትንሽ ሳስቶ ወደ 11 ይደርሳል፤ 2,700 ሜትር ላይ ሲወጡ ከ12 ያልፋል። ከሲቀላ ተነሥቶ ጠመዝማዛውን መንገድ ወደ ዶርዜና ጨንቻ የሚወጣ መኪና ጉልበት የሚያጥረው በዚሁ ምክንያት ነው። ያን ትርፍ አየር በቆዳ እየጫነ ሲያስገባ የኖረው ሰው ማን እንደሆነ ከላይ ጽፌያለሁ።

ወናፍን በማናፈሻ ተክቶ ትርፉን ብቻ መቁጠር ግን አይቻልም። ወናፍ የያዘውን አየር መውጫ ቢጠብም ገፍቶ ያስወጣል። ማናፈሻ ግን ብዙ አየር በትንሽ ግፊት ነው የሚሰጠው፤ የቱቦው አፍ በአመድና በቀለጠ ቆሻሻ ሲደፈን ክንፉ ባዶውን ይሽከረከራል፣ መዘውሩ እንዲያውም ይቀላል፣ እሳቱ ይሞታል። እጁ የቀለለው ሰው ተደስቶ ሊቀጥል ይችላል። ሽማግሌው ሁለት ጊዜ ያህል ቆም ብለው ከሰሉን በዘንግ ቆሰቆሱ፤ ማንም አልነገራቸውም።

ባሌስትራው ብርቱካን ሲመስል አወጡት። ማጭድ ሊሆን አልነበረም፤ ጊዜም አልነበረም፤ ጫፉን ብቻ ስበው ሹል አደረጉት። በሁለተኛው ግለት ላይ ድንገት ቆሙና ግራ እጃቸውን አዩ። መዘውሩ ላይ ነው። ቀኛቸውን አዩ፤ ጉጠቱ ላይ ነው።

«ታዲያ ልጁ ምን ይሠራል?» አሉ።

«ትምህርት ቤት ይሄዳል» አልኩ፤ ቶሎ የመጣልኝ ይህ ነው።

«ይሂድ። ብረቱን የት ያያል?»

ይህን ጥያቄ ይዤ ብዙ ቆይቻለሁ። ወናፍ አሰልቺ ሥራ ነው፤ የጭሱ ቦታ ነው፤ ልጅን ከደብተሩ የሚያርቅ ሥራ ነው። እዚያው ተቀምጦ ግን ልጁ የብረት ቀለም ይማራል። ጥቁር ቀይ፣ የቼሪ ቀይ፣ ብርቱካን፣ ቢጫ፤ ከዚያ በላይ ሲሄድ ካርቦን ያለው ብረት ነጭ ብልጭታ እየተፋ ይቃጠላል፤ ያ ቁራጭ አይመለስም። ለመቀጥቀጥ 1,100 ዲግሪ ገደማና ከዚያ ከፍ ያለ ሙቀት ጥሩ ነው። ስል ለማጥበቅ ግን ከዚያ በጣም ዝቅ ይላል፤ ብረት 770 ዲግሪ ላይ ማግኔት መሳቡን ያቆማል፤ ባሌስትራ ከዚያ ትንሽ አልፎ ዘይት ውስጥ ሲነከር ይጠነክራል። እኔ በክር የታሰረ የራዲዮ ማግኔት አንጠልጥዬ ነው ያንን የምለየው። ሽማግሌው ማግኔቱን አይተው ሳቁ። እሳቸው ከአባታቸው ወናፍ ጀርባ ተቀምጠው ዐይናቸው ለምዶታል። ማሽኑ ድካሙን ሲያነሣ የመማሪያ ወንበሩንም አብሮ ያነሣል፤ ይህን የማናፈሻ ማስታወቂያ የጻፈ ሰው ያሰበበት አይመስለኝም።

የዚያ ወንበር ሌላ ገጽታም አለ፤ እሱን ሳያነሡ በጋሞ ስለ ብረት መጻፍ ቀልድ ነው። እዚያ የሚቀመጠው ልጅ መርጦ አልነበረም። በብዙዎቹ የጋሞ ደጋ አገሮች ሰው የሚወለደው ማላ፣ ማና ወይም ደጋላ ሆኖ ነበር። ማላው ገበሬና ባለ ሙሉ መብት ነበር፤ ማናው ሸክላ ይሠራል፤ ደጋላው ቆዳ ይፍቃል፣ ብረት ይቀጠቅጣል፣ ወፍጮ ድንጋይ ይጠርባል፤ ክፍፍሉ ከአገር አገር ትንሽ ይለያያል። ከማላ ጋር መጋባት የለም፤ በአደባባዩ በዱቡሻ ተቀምጦ መናገር አልነበረም፤ በብዙ ቦታ የራስ መሬትም አልነበረም። የቀጥቃጭ እግር ማሳ ከረገጠ ምድሪቱ ትነጥፋለች የሚል እምነት ነበር። ያን ማሳ የሚቆፍረው ግን ቀጥቃጩ የሠራው ብረት ነው። በሬ በማይወጣበት ገደል ላይ የጋሞ ገበሬ ባለ ሁለት ጣት መቆፈሪያውን ይዞ ሣሩን ከነሥሩ ይገለብጣል፤ ጣቶቹ በድንጋይ ሲያጥሩ ተመልሶ እሳት ይገባሉ። ገብሱም እንሰቱም በዚያ ብረት ላይ ቆመዋል።

እኔ የሸማኔ ልጅ ነኝ፣ የዶርዜ። በእኛ አገር ሽመና የማላ ሥራ ነው፤ አያቴ በሽመናው አንገቱን ቀና አድርጎ ኖሯል። ያው አያቴ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሲገባ ሸማኔ መሆኑ ስድብ ሆኖ ጠበቀው፤ በሰሜኑ ልማድ ሸማኔና ቀጥቃጭ አንድ ላይ ነው የሚናቁት። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መሳደብን የከለከሉበት አዋጅም ሸማኔውንም ቀጥቃጩንም በአንድ ላይ ያነሣል። ክብር ከሥራው ባሕርይ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ አያቴ ጨንቻ ላይ የነበረው ክብር አዲስ አበባ ላይ ባልጠፋ ነበር።

ቀጥቃጮች ከሌላ ዘር የመጡ፣ ገበሬው ሳይደርስ በምድሩ ላይ የነበሩ አዳኞች ቅሪት ናቸው የሚል ሐሳብ ለረጅም ጊዜ በምሁራን ዘንድም ይነገር ነበር። ይህን ለመፈተሽ ጥሩ ዕድል የተገኘው እዚሁ አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ካትሪን አርተርና ጆን አርተር የተባሉ የአርኪዮሎጂ ተመራማሪዎች በጋሞ ደጋ ሞታ በተባለ ዋሻ ውስጥ ወደ 4,500 ዓመት የሚሆነው የአንድ ወንድ ዐፅም አወጡ፤ ባይራ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመው የዚህ ሰው ዘረመል ከአፍሪካ ጥንታዊ ዐፅም ሙሉ በሙሉ የተነበበ የመጀመሪያው ነበር፤ ከተነጻጸሩት ሕዝቦች ውስጥም በጣም የቀረበው ጂንካ ዙሪያ ከሚኖሩት አሪዎች ጋር ነው። በዚያው ዓመት ፕሎስ ጄኔቲክስ ላይ የወጣ ሌላ ጥናት የአሪ ቀጥቃጮችንና የአሪ ገበሬዎችን ዘረመል አስተያየ። ልዩነት አለ፤ ግን ከሁለት የተለያዩ ሕዝቦች የመነጨ ልዩነት አይደለም። ባለፉት 4,500 ዓመታት ውስጥ አንድ የነበሩ ናቸው፤ ቀጥቃጮቹ ተለይተው፣ እርስ በርሳቸው ብቻ እየተጋቡ ሲኖሩ ቁጥራቸው አንሶ የተፈጠረ ልዩነት ነው። አጥሩን የሠራው ማኅበረሰቡ ነው፤ ከዚያ አጥሩን እያሳየ «እነዚህ ሌላ ናቸው» አለ።

ሽማግሌው ይህን ስነግራቸው አልተገረሙም። «እና ይህን ለማወቅ ፈረንጅ አጥንት ቆፈረ?» አሉ። የካቲት 1967 የወጣው የመሬት አዋጅ ለአባታቸው ቁራሽ ማሳ አድርሷል፤ እሳቸው የሚያከብሩት ለውጥ እሱን ነው። ቀጥሎ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን። ከማላ ጋር በአንድ ወንበር መቀመጥ የለመዱት እዚያ እንደሆነ ይናገራሉ። ጋብቻውን ስጠይቅ ወሬውን ወደ ከሰል ዋጋ መለሱት።

የብረቱ ምንጭም ተለውጧል። በዚህ በደቡብ ምዕራብ የሚኖሩት ዲሜዎች ድንጋይ አቅልጠው ብረት የሚያወጡበትን ጥበብ እስከ ቅርብ ጊዜ ይዘው ስለቆዩ ተመራማሪዎች በሥፍራው ተገኝተው መዝግበውታል። ዛሬ የጋሞ ቀጥቃጭ የሚገዛው የመኪና ባሌስትራና የሕንፃ ፌሮ ነው። ፌሮ ለስላሳ ነው፣ ለማንጠልጠያና ለበር ይሆናል፤ ስል የሚይዘው ባሌስትራ ነው። ብረት ሁሉን ነገር አልተካም ደግሞ፤ በዚሁ ደጋ ቆዳ ፋቂዎች በባልጩት መፋቂያ ሲሠሩ ካትሪን አርተር ለዓመታት ተከታትላ ጽፋለች። የቀጥቃጩ ጎረቤት ድንጋይ ይመርጣል፤ ሥራውን የሚያውቀው እሱ ነው።

የልጅ ልጁ ይህን ሁሉ ሲሰማ ዝም ብሎ ማናፈሻውን ይለካ ነበር። በሁለተኛው ቀን የብስክሌት ቸርኬ፣ የላሜራ ቁራጭና ከተጣለ ወንበር የወጣ ቱቦ ይዞ መጣ። እንዲህ ያለ ቅጂ አዲስ ነገር አይደለም፤ በየከተማው የብረት ሠፈር ቸርኬ እንደ ፑሌጃ፣ የከመነዳሪ ቁራጭ እንደ ቺንጋ ሆኖ የላሜራ ክንፍ ሲያሽከረክር ይታያል። መብራት ባለበት ደግሞ ከመኪና ማሞቂያ የተነቀለ ትንሽ ሞተር በቂ ነው። የልጁ ሐሳብ ሞተሩ ላይ ነበር። አያቱ ግን መብራት በጠፋ ቁጥር ገበያ ይዤ የምወጣውን ማጭድ ማን ይሠራልኛል አሉ። መዘውር ሆነ።

የአንድ ቀን ሥራ ነበር። የጊዛው ማናፈሻ የሚሰጠው ልስላሴ የለውም፤ ቺንጋው ይንሸራተታል፣ ክንፉ ያንኳኳል። ግን አሮጌውን ማሽን ፍለጋ ምናለሽ ተራ መሄድ አያስፈልግም፤ ሲበላሽ የሚጠግነው ደግሞ የሠራው ልጅ ነው። ሽማግሌው ከመውሰዳቸው በፊት ሁለት ነገር አስጨመሩ። ከቱቦው መሃል በእጅ የሚሳብ የላሜራ መዝጊያ ይኑረው አሉ፤ ዘዋሪው ሳያቆም ነፋሱን የሚቀንስበት። ልጁ ወዲያው ገባው፤ በልጅነቱ ከዚያው ወናፍ ጀርባ ተቀምጧልና አያቱ ቢጫውን ብረት ሲያዩ «በቃ» የሚሉበትን ድምፅ ያውቀዋል።

ሁለተኛው እግሩ ነበር። ልጁ በትምህርት ቤቱ ጠረጴዛ ልክ፣ ቆሞ ለሚሠራ ሰው፣ በፌሮ ረጅም እግር በይዶለት ነበር። አያቱ ከጎኑ ቆመው መዘውሩን አንድ ዙር አዞሩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ቁረጠው» አሉ። «እኛ ተቀምጠን ነው የምንሠራው። እናትህም ትዘውረዋለች።»

ልጁ መቁረጫውን ሰካ። መብራት ነበር።